አባቷ የሚነዳው አውቶቡስ

አውቶቡሱ ድልድዩ መሐል ላይ ደርቆ ቀረ። ስክሪኑ ላይ የዝናቡ ጠብታዎች አየር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ከኋላ ያሉት መኪኖችም አይንቀሳቀሱም። የቢምቢ አባት ግን ቀኝ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳም። ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን መጫኑን ቀጥሏል።

«ተበላሸ እንዴ?» አላት።

«አልተበላሸም አባዬ። ኮምፒውተሩ ነው፤ አቃተው።»

«እንደኔ በይኛ!»

ቢምቢ አልሳቀችም። ቢምቢ ያላት እሱ ነው፤ ስትወለድ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ድምጿ ግን ሰው የማያስተኛ ስለነበረች። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሞላት፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ስትሮክ መታው። ንግግሩ ተመለሰለት፤ እግሩም በከዘራ እየተደገፈ መራመድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ግን እንደ ተቀየመ ሰው አልታዘዝ አለው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለስላሳ ኳስ ሰጥታው «በቀን መቶ ጊዜ ይጨብጡ» አለችው። ኳሱ ሁለት ቀን ተጨብጦ አልጋ ሥር ገባ። «ተይው፣ እኔ ሕፃን ነኝ?» አለ ቢምቢ ስታነሳለት።

ከሁለት ወር በፊት ነው የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ ያገኘችው። ለቀልድ ያህል ከፈተችለት። አባቷ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፣ መስታወቶቹን ግራና ቀኝ አየ፣ ከፊቱ ያለውን መኪና «ፍሬቻ ሳያሳይ ይገባል እንዴ፣ ባለጌ!» ብሎ ተቆጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚጫነው በቀኝ እጁ ሌባ ጣት ነው። ማንም አድርግ አላለውም።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። ቢምቢ ቀፎውን ተሸክማ ትምህርት ቤት ወሰደችው። የኮምፒውተር መምህሯ ሽፋኑን ፈትታ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠርጋ፣ ብዙ ከነካካች በኋላ ራሷን ነቀነቀች።

«ማሽኑ አርጅቷል። አዲሱን ዊንዶውስ አይሸከምም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ከጫንሽበት ግን ቀለል ይለዋል። የአባትሽ ጨዋታ እዚያ ላይ ይሠራል፤ ራሴ ሞክሬዋለሁ።»

«የኛስ? የቡድናችን ጨዋታ?»

መምህሯ ብሩሹን አስቀመጠች። «እሱ እንኳ አይሆንም። አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚይዘው የጨዋታው ጠባቂ ፕሮግራም ሊኑክስን አይቀበልም። ከደጅ ነው የሚመልስሽ።»

«ሁለቱንም ብጭንስ?»

«በምን ቦታ? ዲስክሽ እኮ ጠባብ ነው። ያንቺ ጨዋታ ብቻውን ከግማሽ በላይ ይዞታል።» ከዚያም ፍላሽና በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጠቻት። «ልጫን ብትይ መንገዱ ይኸው። አስቢበት። እኔ ይህን ምረጪ አልልሽም።»

ፍላሹ ሦስት ቀን የእርሳስ መያዣዋ ውስጥ ዋለ አደረ። ቢምቢ ከየቤታቸው በኢንተርኔት የተኩስ ጨዋታ የሚጫወቱ የአምስት ሴት ልጆች ቡድን ካፒቴን ናት። ሦስት ዓመት አብረው ተጫውተዋል፤ ሰባት ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ተባረዋል፤ አሁን ገና ለቅዳሜው ግማሽ ፍጻሜ ደርሰዋል። ተኩሷ ስለማይስት ንስር የሚሏት ጓደኛዋ በየእረፍቱ ትከሻዋን እየመታች «ካፒቴን፣ ቅዳሜ እንዳትቀሪብን!» ትላታለች።

«ሞቼ ነው የምቀረው» ትላለች ቢምቢ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን በጠፋው ስክሪን ፊት ተቀምጦ አገኘችው። ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶታል።

«ዛሬ አልነዳህም?»

«ሦስቴ ቆመብኝ። ሰው አሳፍሮ መንገድ ላይ መገተር ደግ አይደለም።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ተይው፤ የልጅ ጨዋታ ነው።»

ይህችን «ተይው» ቢምቢ ታውቃታለች። ኳሱን ሲተው ያላት እሷን ነው። እንግዳ ሲመጣ አብሮ መብላቱን ሲተው ያላትም እሷን ነው። አባቷ አንዴ «ተይው» ካለ፣ ያ ነገር እዚያ ቤት ተመልሶ አይነሳም። ቅዳሜ እስኪያልፍ መጠበቅ አይቻልም።

ዓርብ ከሰዓት የትምህርት ጽሑፎቿንና ፎቶዎቹን ገልብጣ አስቀመጠች፤ ከዚያም የመምህሯን ፍላሽ ሰካች። ወረቀቱን መስመር በመስመር እየተከተለች ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ጠየቃት፦ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ይቀጥል?

እጇ ማውዙ ላይ ቆየ። የጨዋታ አካውንቷ እንደማይጠፋ ታውቃለች፤ ግን ሌላ ኮምፒውተር የላትም። ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው። ስትገልጠው አንዲት ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ትሄድ ነበር።

ጨዋታው መጀመሪያ ሲከፈት ጥቁር ብቻ ሆነ። ሁሉንም አጥፍታ ምንም ያላገኘች መሰላት። ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን አነበበች፣ አንድ ማስተካከያ ቀየረች፣ ደግማ ከፈተች። ሞተሩ ተነሣ።

አባቷ ድልድዩን ተሻገረ። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ከተማ አይቶት አያውቅም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ነዳ። አንድ ጊዜ ጣቱ አዳልጦት የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ያላደረግኩትን!» ብሎ ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ ዞር አለ። «ያንቺስ? ያ የምትጮሂበት ጨዋታ?»

«እሱ ይደርሳል» አለችው።

ማታ ለንስር የጻፈችው ደግሞ ሌላ ነበር፦ «ኮምፒውተሬ ተቃጠለ። ነገ አልችልም።» ተቃጠለ ማለት ቀለላት። ለተቃጠለ ነገር ማንም አይቆጣም።

ንስር ግን መቆጣቱን ትታ ላይ ታች ስትል አመሸች። ቅዳሜ ጠዋት መልእክቷ ደረሰ። «የውድድሩን አዘጋጆች ለምኜ እስከ እሁድ አራዝመውልናል። ያላንቺ አንገባም ብለናል። አጎቴ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ እሺ ብሎኛል። ስምንት ሰዓት ላይ እናንተ ቤት ነን። አይዞሽ ካፒቴን!»

ቢምቢ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከአጠገቧ አባቷ እየነዳ ነው። አንድ ሰው ሱቁን ሊዘጋ ነው፤ አራት ልጆች ላልተቃጠለ ኮምፒውተር ይጠብቃሉ። «ተጠገነ፣ ግን...» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «እናቴ አልፈቀደችም» ብላ ጻፈች። እሷንም አጠፋቻት። እናቷ ምን አደረገች?

በመጨረሻ ሳታቆም ጻፈችው።

«አትምጡ። አጎትሽም ሱቁን አይዝጋ። ኮምፒውተሬ አልተቃጠለም፤ ዋሽቼሽ ነው። ሊኑክስ ጭኜበታለሁ፤ የኛ ጨዋታ እዚያ ላይ አይገባም። አባቴ የታመመ እጁን የሚያሠራበት ጨዋታ ግን ይገባል። አስቤበት ነው ያደረግኩት። ካፒቴንነቱን አንቺ ያዢው። ተጋጣሚዎቻችን ከደረጃው በኩል ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይልካሉ፤ ጀርባችሁን ጠብቁ።»

ላከችው። ንስር ወዲያው አየችው። «እየጻፈች ነው» የሚል ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለ። ጠፋ።

«ቢምቢ» አለ አባቷ። ፌርማታ ላይ ቆሟል፤ የአውቶቡሱ በር ክፍት ነው። «ትገቢያለሽ ወይስ በሩን ልዝጋ?»

ስልኩን ሶፋው ላይ ደፋችው። ወንበር ሳብ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ገብቻለሁ» አለችው። «ንዳ።»