የውብርስት መዳፍ

በዋርዳን መናገሻ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ሊቀ ሐኪሙ ሞገድ ድንገት ወደቁ። ከቀኝ መዳፋቸው ሰማያዊ ብርሃን ተነሣ፤ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አለና ወደ ናርዶስ ተራራ በረረ። ሕዝቡ አንጋጦ አየው፤ ከዚያም አለቀሰ። ያለቀሰው ለሟቹ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋርዳን የሚፈውሰው መዳፉ የሚያበራ ሰው ብቻ ነው። ብርሃኑን እጅ ለእጅ ተያይዞ ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ያስተላለፈው ግን ይጨልማል። መጨለም የሚወድ ማን አለ? ሐኪሞቹ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲሉ ሞት ይቀድማቸዋል። ንጉሥ ዘርአነጎድ ያላደረጉት የለም፤ የመማሪያ አዳራሽ ሠሩ፣ ርስት ሰጡ፣ ከባሕር ማዶ ሐኪም አስመጡ። አዳራሹ ባዶውን ቀረ። የባዕዳኑም የመዳፍ ብርሃን ድንበር ሲሻገሩ ይጠፋል። በየአውራጃው እናቶች በምጥ፣ ሕፃናት በትኩሳት ያልቁ ጀመር።

በመጨረሻ ንጉሡ «ብርሃኑ ወደሚበርበት ናርዶስ ወጥቶ፣ የሰጠ ይጨልማል የሚለውን ሕግ የሚያስፈታልኝ ማን ነው?» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ወጣቷ ሐኪም ውብርስት ተነሣች። አባቷ ደምሳሽ በጉብዝናው ዘመን ብርሃኑን ለእሷ ሰጥቶ የጨለመ፣ አገር ሁሉ «ሞኝ» ያለው ሰው ነው። አሁን ክፉ ትኩሳት ይዞታል፤ በየማለዳው የሚያበርድለት የእሷ እጅ ብቻ ነው።

«ሂጂ ልጄ» አላት። «እንደ እኔ ያለ ስንት በሽተኛ አለ መሰለሽ?»

ግንባሩን አብርዳ፣ እስክትመለስ ይበቃው እንደሆነ ሳታውቅ ወጣች። አብሯት የሄደው ግዝሙ የሚባል ሽማግሌ ወታደር ነበር፤ ጋሻውን ተሸክሞ ጉልበቱን ሲራገም ተራራው ላይ ደረሰ።

እዚያ ዳርቁል ተጋድሟል፤ ርዝመቱ ወንዝ የሚያህል አውሬ። ሳያስተላልፉ የሞቱ ሐኪሞች ብርሃን ሁሉ ጀርባው ላይ ተሰብስቦ ይንቦገቦጋል። ግዝሙ ማጉረምረሙን ትቶ ተንበረከከ። ውብርስትም እንዲያ ያለ ውበት አይታ አታውቅምና እንባዋ መጣ፤ ያ ሁሉ ብርሃን የስንት ሰው ነፍስ ያተርፍ እንደነበር አሰበች።

አውሬው ተናገረ። «ለልጅና ለወዳጅ የሰጠስ አልታጣም። የሰጠ እንዳይጨልም ከፈለግሽ፣ አንቺ ብርሃንሽን ለወዳጅሽ ሳይሆን ለእኔ ስጪ። ለአንቺ ዳግም አይበራም።»

«አባትሽስ?» አለ ግዝሙ በዝግታ።

«ፈርቻለሁ ጋሽ ግዝሙ» አለች። «ግን እኔ ይዤው ብመለስ፣ የእኔ አባት ይተርፋል፤ የሌላው ሰው አባት ይሞታል።»

መዳፏን ከአውሬው ግንባር ላይ አኖረች። ጨለመ። ያን ጊዜ ዳርቁል ተንቀጠቀጠ፤ ብርሃኑ ሁሉ ከጀርባው ተነቅሎ፣ ሰማዩን ሞልቶ ወደ ዋርዳን ጎረፈ። አንዱ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ በግዝሙ ሻካራ መዳፍ ላይ አረፈ። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በመንገዳቸው ባለ መንደር ሁሉ ግዝሙ የሰው እጅ ይዞ አበራ፤ እሱም አልጨለመም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይላል፣ ጉልበቱን እያሸ። መናገሻው ሲደርሱ ባዶ የነበረው የመማሪያ አዳራሽ ሞልቶ ተማሪው በደጅ ቆሟል፤ መዳፋቸው የበራውም በንጉሥ ትእዛዝ ወደየአውራጃው እየተመደቡ ነው። ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው የውብርስትን የጨለመ መዳፍ ሳሙ። እሷ ግን አልቆየችም፤ ግዝሙን ይዛ ወደ አባቷ ሮጠች።

ደምሳሽ ነፍሱ ልትወጣ ትንሽ ቀርቷታል። ግዝሙ እጁን ግንባሩ ላይ አኖረ፤ ትኩሳቱ ወረደ፤ ዐይኑ ተገለጠ።

በማግስቱ ማለዳ ውብርስት ልማድ አታሏት መዳፏን በአባቷ ግንባር ላይ አሳረፈች። ምንም አልሆነም። ልታነሣው ስትል ደምሳሽ በጨለመ እጁ ያዛት።

«ምንም አይሠራም እኮ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አላት። «ግን አታንሺው።»