ስልሳ ስምንተኛው ገጽ

ሽማግሌው አራሚ የሞቱት በሚያነቡበት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበራቸው ወደ ጎን ተገፍቶ፣ እሳቸው ጠረጴዛው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው፣ ወረቀት እንዳይበተን የሚጭኑበት ብረት ደግሞ ተጠርጎ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ብረቱን የጠረገው ሰው ደሙን አጥፍቷል፤ የጭንቅላታቸውን ስብራት ግን በምን ይጠርገዋል? በሥራ ቦታቸው «ጋሽ እርሳስ» ነበር የሚባሉት፤ ቀይ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

መርማሪዋ ችኩል ሰው አትወድም። ሳጅኑ ደግሞ ችኩል ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ። «ሐኪሙ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ሞተዋል ይላል። ታብሌታቸው ግን እስከ አሥር ከአርባ ገጽ ሲገልጡ እንደነበር ያሳያል። ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ደግሞ ቤት ውስጥ የነበረችው ልጃቸው ብቻ ናት። ሌላ ሰው አልገባም፤ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ ምላ ትናገራለች።»

«ታብሌቱ ይህን ለማን አሳየ?»

«አሳታሚው ቢሮ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይመዘገባል። በማን ስም ተከፈተ፣ ስንተኛው ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉም አለ።»

መርማሪዋ ታብሌቱን ጎንበስ ብላ አየችው። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ስስ ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ከሥሩ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ አከፋፈቱን በሰባት ተራ ቁጥር የሚያስረዳ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ የሚስጥር ቁጥሩ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ከሁለት እስከ ሰባት ካሉት መስመሮች አጠገብ ትንንሽ ቀይ ምልክቶች አሉ፤ አንደኛው ላይ የለም። ወረቀቱን በላስቲክ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንድ ሳህን ላይ ገና ትኩስ የሆነ የቀይ እርሳስ ቅራፊ ተከምሯል፣ በጠረጴዛው ላይ ግን አንዲት የምትታረም ወረቀት የለችም። ይህ አልጣማትም።

ልጅየዋን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘቻት። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ እጇን ምን ላይ እንደምታሳርፍ የጠፋባት ሴት ናት።

«ሐሙስ ዕለት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተጣልተናል። አባዬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ወረቀቱን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚያነቡት። ፊደል እንዲያጎላላቸው ታብሌቱን ገዛሁ። ‹መስታወት ላይ የተጻፈ ልቤ ውስጥ አይገባም› አሉኝ። እኔም አፌን አልሰበሰብኩም። ‹እንግዲያው ታውረው ይቀመጡ› አልኳቸው። ጎረቤት የሰማው ይሄንኑ ነው።»

«ዘጠኝ ተኩል ስትገቢ ለምን አላየሻቸውም?»

«በሩ ከተዘጋ እያነበቡ ነው። ሲያነቡ አይንኳኳም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የቤቱ ሕግ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ግን አላስቻለኝም፣ ከፈትኩት። አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይታዘቡኝ። ፖሊሱ ‹በታብሌቱ ሲያነቡ ነበር› ሲለኝ፣ ልታሰር መሆኔን እየሰማሁ ደስ አለኝ። እኔ የሰጠኋቸውን ይዘው ሞቱ ብዬ።»

መርማሪዋ ስንት ሰው ስታስለቅስ የኖረች ሴት ናት፤ የዚችኛዋ ነገር ግን አንጀቷን በላት።

«በወረቀት ማረም ትተው ነበር?»

«አሳታሚው ነው ወረቀት መላክ ያቆመው። እሳቸው ፋይሉን በድብቅ ሰፈር ውስጥ ላለው ማተሚያ ቤት ሰጥተው በወረቀት አስወጥተውታል። እኔም እንዳላየ ሆንኩ። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ነበረ።»

«አርመው የጨረሱትንስ የት ያኖራሉ?»

«ወንበራቸው ሥር፣ ካርቶን ውስጥ።»

መርማሪዋ ተመልሳ ካርቶኑን ሳበችው። የላይኛውን ወረቀት አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ካርቶኑን ይዛው ሄደች።

አሳታሚው ቢሮው ውስጥ ሲጋራ በሲጋራ ላይ ሲለኩስ ደረሰች። አጠገቡ ደራሲው ተቀምጧል፤ ካፖርቱ ያማረበት፣ ስሙ በየመጽሐፍ መደብሩ የተሰቀለ ሰው። ጋሽ እርሳስ ሲያርሙት የነበረው የእሱን አዲስ መጽሐፍ ነው።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል» አለ አሳታሚው። «ልቤን ያወልቁት ነበር። እኔ መግቢያውን ሳልጨርስ ስልክ ይደውሉና ስለ መጨረሻው ይነግሩኛል። አንድም መጽሐፍ በወጉ አላስነበቡኝም።»

«እርስዎስ?» አለች ወደ ደራሲው ዞራ።

«የመጀመሪያችን ነው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሰላም ልላቸው ገብቼ ስምንት ተኩል ላይ ወጣሁ። ደህና ነበሩ። በታብሌታቸው ጥሩ ለምደው ነበር። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት እዚህ ነኝ፣ ይጠይቁት።»

«እዚህማ ነበር» አለ አሳታሚው። «ስለ ሽፋኑ ልንመክር ተቀምጠን ከስልኩ ቀና አላለልኝም። እኔ ሳወራ እሱ በአውራ ጣቱ ይገፋል።»

«መልእክት በዝቶብኝ ነው» አለ ደራሲው።

መርማሪዋ አመስግናቸው ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልጅየዋ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ሳጅኑ ካቴናውን ኪሱ ውስጥ ይነካካል።

«ሳጅን፣ መዝገቡን አንብብልን።»

«ገጽ አንድ፣ ዘጠኝ ከሩብ። ገጽ ሁለት፣ ዘጠኝ ከአሥራ ስድስት። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ገጽ ስልሳ ስምንት፣ አሥር ከአርባ። እዚያ ላይ ይቆማል።»

«አንቺ፣ አባትሽ ሲያርሙ ከየት ነው የሚጀምሩት?»

«ከመጨረሻው ገጽ» አለች ልጅየዋ። «ታሪኩ ከወሰዳቸው ስህተቱ ያመልጣቸዋል። ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚያነቡት።»

አሳታሚው ግንባሩን መታ። «እንዴት አላስተዋልኩትም! መጨረሻውን የሚነግሩኝ ለዚህ አይደል?»

«እንግዲህ ከገጽ አንድ ጀምሮ ወደፊት የሄደው ሌላ ሰው ነው» አለች መርማሪዋ። «ፋይሉ በማንም ስልክ ይከፈታል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ላወቀ። ቁጥሩ ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ሽማግሌውን ገደለ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ከዚያ ሄዶ ምስክር ባለበት ቁጭ ብሎ በሟቹ ስም ገጽ ገለጠ። እንዲህ ከታየ ሟቹ እስከ አሥር ከአርባ ኖሩ ይባላል፤ ዕዳው ልጃቸው ላይ ይወድቃል።»

«ግን ለምን ስልሳ ስምንት ላይ አቆመ?» አለ ሳጅኑ።

«ተባረክ፣ ይህን ነበር የምፈልገው።» ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እዚህ ውስጥ የታረሙት ገጾች አሉ፤ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት እስከ ስልሳ ዘጠኝ። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ከአንድ እስከ ስልሳ ስምንት ያሉት፣ ገና ያልተነኩት ነበሩ። ገዳዩ እነዚያን አየና ‹እስከዚህ አንብበዋል› ብሎ አሰበ። ቀይ እርሳሱ የነካው መስሎት ንጹሑን ወረቀት ሰርቆ ሄደ። መዝገቡንም እዚያው ቁጥር ላይ አቆመው። ስልሳ ስምንትን የሚያውቅ ወረቀቱን የወሰደው ሰው ብቻ ነው።»

መርማሪዋ ከካርቶኑ የላይኛውን ገጽ አንስታ በኅዳጉ ላይ በቀይ የተጻፈውን አነበበች።

«‹ይህ መጽሐፍ የእሱ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ለሟች ጓደኛዬ ያረምኩት ነው፤ የተለወጠው የሰዎቹ ስም ብቻ ነው። ለማንም ሳልናገር አስቀድሜ ለራሱ እነግረዋለሁ። እንዳያፍር ራሱ ይመልሰው።›»

ደራሲው ካፖርቱን አስተካከለ። «ስልክ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ? አሳታሚውም እኮ አብሮኝ ተቀምጦ ነበር።»

«እሱ ቢሆን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምር ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተሰቃይቶበታል። ልጃቸውም እንደዚያው። ከሦስታችሁ ሽማግሌው እንዴት እንደሚያነቡ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። በታብሌት ለምደዋል አሉኝ፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። ስልክዎን ለሳጅኑ ይስጡት።»

የደራሲው እጅ ወደ ኪሱ ገባና እዚያው ቀረ።

«ማንም የማያስታውሰው መጽሐፍ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንድም ሰው። ከእሳቸው በቀር ማን ያውቀው ነበር?»

ሳጅኑ ካቴናውን አውጥቶ ደራሲውን አስሮ ወሰደው፤ ከልጅየዋ ፊት ሲያልፍ ሳጅኑ አንገቱን ደፋ። አሳታሚውም ተከትሎ ወጣ። ልጅየዋ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። ነጻ ወጥታለች፣ ፊቷ ላይ ግን ደስታ የለም።

«እንግዲያው አልነኩትም» አለች። «ታብሌቱን። እንደተቀየሙኝ ሞቱ ማለት ነው።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ያን ሰባት መስመር ያለውን ወረቀት አወጣች።

«ጽሕፈቱ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። እንዴት እንደሚከፍቱት ጽፌ የሰጠኋቸው።»

«ምልክቶቹን እያቸው። ያነበቡትን መስመር ሁሉ በቀይ ነክተዋል። ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት፣ እንዲህ እያሉ ሁለት ላይ ደርሰዋል። ይህንንም ከኋላ ነበር የያዙት። የቀራቸው አንድ መስመር ነው። ማስረጃ ስለሆነ መልሼ እወስደዋለሁ፤ አሁን ግን አንብቢው።»

ልጅየዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። የመጀመሪያው መስመር «ፕላስቲኩን ይላጡ» ይላል። ቆይታ ቆይታ ሳቅ መጣባት፣ ከሳቁ ጋር እንባዋ ወረደ። ከዚያ በአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታብሌቱን ሳበች፣ ፕላስቲኩን ከዳር ይዛ ቀስ እያለች ላጠችው። መርማሪዋ ማስረጃ እንደሚነካ እያወቀች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።