የቁልቁለቱ ረዳት

መብራቱ እስኪመጣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ፣ ያን የስልክ ባትሪ አጥፋው! ጨለማ ከፈራህ እናትህ ጉያ ግባ።

ድሮ ነው። ሰዓቱ ለዓይን ያዝ የሚያደርግበት ነው። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ባንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ቋጥኝ። ሰው የለም። አንድ ባዶ አውቶብስ ብቻ ይወርዳል። ማን ይነዳዋል? አየናቸው የሚባል ሹፌር።

ትልቅ አውቶብስ ቁልቁለት ላይ በምን ይያዛል? በፍሬን? ፍሬን ብቻውንማ ግሎ ይከዳል! በከባድ ማርሽ ነው የሚያዘው፣ ሞተሩ እያጓራ። አየናቸው ግን ናፍጣ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ፎሌ ያደርግና፣ ከሞተሩ ያላቅቅና ማለት ነው፣ ይለቀዋል። መኪናው ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ጎበዝ ነኝ ይላል። ጎበዝ!

ከዚያ ምሽት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። ረዳቱ ጫንያለው ላይ ጮኸበት፦ "ታኮውን ይዘህ ውረድ!" ያን ጎማ ሥር የሚወሸቀውን እንጨት ማለቱ ነው። መኪናው እየሄደ!

"ጋሼ፣ ልውረድ?" አለ ጫንያለው።

"ውረድ አልኩህ!"

ወረደ። አውቶብሱ ቆመ። ጫንያለው ግን ከጎማው ሥር አልተነሳም።

አየናቸው ለጫንያለው ሚስት ለዋጋዬ ምን አላት? "ሰክሮ ነበር፤ ራሱ ዘለለ።" ለቅሶ የመጣው ሁሉ አፉን ሸፍኖ አንሾካሾከ። የሰካራም ሚስት ሆና ቀረች። ከዚያ ወዲህ አየናቸው መንገድ ላይ ሲያያት ክላክስ እንኳ አይነካም፤ ዓይኑን የፍጥነት ቆጣሪው ላይ ተክሎ ያልፋል። እህል ግን አይወርድለትም ነበር። እንዴት ይውረድለት?

እና ያን ምሽት እጁን ወደ ማርሹ ሰደደ። ፎሌ አልገባም አለው። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሳበ። ማርሹ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

ከዚያ የአውቶብሱ ጎን ከውጭ ተመታ። ረዳት በመዳፉ ሲመታ ታውቁት የለ? ጧ፣ ጧ።

በስፖኪዮው አየ። በሩ ላይ አንድ እጅ ተንጠልጥሏል። እጅ ብቻ። በሩም በራሱ ተከፈተ።

"ጋሼ፣ ልውረድ?"

አየናቸው መሪውን ጨብጦ ጮኸ፦ "አትውረድ! አትውረድ ወንድሜ!"

"እሺ ጋሼ" አለ ድምፁ። አጠገቡ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ ሰው ሲቀመጥ ሰማ። ዞሮ ለማየት አንገቱ እምቢ አለው።

መንደሩ ሲደርስ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደና ሮጠ። የዋጋዬን በር ደበደበ። ኩራዝ ይዛ ከፈተችለት።

"አልሰከረም!" አላት። "ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። መኪናው እየሄደ ነው ያወረድኩት። ዋሽቼሻለሁ ዋጋዬ።"

ዋጋዬ እሱን አላየችውም። ኩራዙን ከትከሻው በላይ ከፍ አደረገችና ከኋላው አየች።

"ታዲያ እሱን ለምን ደጅ አቆምከው?" አለች። "ግባ በለው እንጂ!"