ከሆዷ ሥር የተነጠፈው ጎማ

ጀልባዋ ሬሳ ጭና ብቻዋን መጣች ተባለ። ወሬው ከሐይቅ ዳር ተነሥቶ ታቦር ተራራን አንቀጠቀጠው፤ ሬሳ አይቶ የማይደነግጠው አባ ኮዳ የተባለው ወፍ እንኳ ጀርባውን አዞረ። ባለጀልባው ደምሴ በገዛ ጀልባው ውስጥ፣ ራሱን ተፈንክቶ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ ተጋድሟል። ውሃው የጀልባዋን ኋላ ኳ፣ ኳ ያደርጋል፤ ከውስጥ ሰው የሚያንኳኳ ይመስላል።

ስታፈጥበት ድንጋይ የሚናዘዝላት ኢንስፔክተር ህሊና ስትደርስ፣ ፖሊሶቹ የሟችን ሸሪክ ኑሪን በካቴና አስረውታል። ትናንት ከደምሴ ጋር ሲሰዳደብ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ዛሬ ወደ እስር ቤት ሊሄድ ነው።

«ልጁን ልቀቁት» አሉ ጀልባ ሠሪው ጋሽ አሸናፊ። «ጀልባዋን ጉማሬ ሲገፋት ደምሴ ወድቆ ጠርዙ መታው። ከዚያ ማዕበል አመጣት።»

ህሊና ጎንበስ አለች። ከውሃ ግማሽ ከወጣችው ጀልባ ሆድ ሥር፣ የዳርቻው ድንጋይ ላይ፣ የተሰነጠቀ የመኪና ጎማ ተነጥፏል።

«ወይዘሮ ታቢታ፣ ባለቤትዎ ጀልባዋን ከውሃ ሲያወጡ ጎማ ያነጥፉ ነበር?»

«ደምሴ?» ሚስቲቱ እያለቀሰች ፈገግ አለች። «ጫማውን እንኳ እየጎተተ የሚሄድ ሰው! ድንጋይ ላይ ይጎትታታል፣ ሆዷ ይሰነጠቃል፣ ጋሽ አሸናፊ ይለጥፋሉ።»

«አንተስ ኑሪ?»

«እኔ ተሳፋሪ እጠራለሁ እንጂ ጀልባ አልጎትትም። ወገቤን ያመኛል ብዬ አይደል የተሰደብኩት?»

«ስንጥቁ የት ጋ ነበር?»

«ጋሽ አሸናፊ ቀለም ከቀቡበት በኋላ ማን ያውቃል?» አለ ኑሪ።

ህሊና ሦስቱንም ወደ ጀልባዋ አስጠጋቻቸው።

«ማዕበል ጎማ አያነጥፍም። ሬሳም አያነጥፍም። ስለዚህ ያወጣት ሰው አለ። ገዳይ ለመሸሽ ይቸኩላል፤ ይኼኛው ግን እጁ ለምዶ ጎማ አነጠፈ። የት?» ከጎማው በላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም በቁልፍ ፋቀችው፤ የቆርቆሮ ልጥፍ ብቅ አለ። «ልክ ከስንጥቁ ሥር። ከቀለሙ በታች ምን እንዳለ የሚያውቀው የለጠፈው ነው።»

ጋሽ አሸናፊ ልጥፉን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ለማገዶ ልሸጣት ነው አለኝ» አሉ። «እየቀዘፍን፣ እየሳቀ። በመቅዘፊያው መታሁት።»

ሲወስዷቸው ዘወር አሉ። «ኋላዋ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሳቧት። ጎማውን ግን አትርሱ።»

ኑሪ ካቴናው በወለቀለት እጁ ጎማውን አስተካከለ፤ ወገቡን ሳያስብ ሳባት። ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ወጣች።

ኳ፣ ኳ የሚለው ማንኳኳት ግን አልቆመም።