የዳና እንቅልፍ

«ሰባት አያት ነው ያለን። አባቴ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አንተ ታንኮራፋለህ» አለች ፀዳለ።

«እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ትናንት ዘመዶቼ በሙሉ ሰምተውህ የለም እንዴ?»

የቆሙት ከሶዶ መናኸሪያ ዝቅ ብሎ፣ ፀዳለ ከምትሠራበት ጨርቅ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። ዳና በማለዳ ከአረካ የመጣው ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። ከሚኒባሱ እንደወረደ ለመናገር ያሰበው ሁሉ ጠፍቶበታል።

ጠቡን ያመጣው የሽማግሌዎቹ ጉዳይ ነው። የፀዳለ አባት አቶ ቦልቴ የተላኩትን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀብለው፣ በሦስተኛው «ልጁን ራሱን አምጡልኝ» አሉ። በወላይታ አንድ ጎሳ የሆኑ አይጋቡም። ስለዚህ ልጅ ከመሰጠቷ በፊት የሁለቱም ወገን የትውልድ ሐረግ በሽማግሌ ፊት ይቆጠራል። ትናንት ዳና በተገኘበት አቶ ቦልቴ ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ የአባቶቻቸውን ስም መጥራት ጀመሩ። ያኔ የዳና አገጭ ደረቱ ላይ ወደቀ። አቶ ቦልቴ ስሙን ሳይጨርሱ ተቀመጡ፤ ለእንግዶቹ የቀረበው ምግብም ሳይነካ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ መልሱ ገባቸው።

«ድካም ነው እንበል» አለች ፀዳለ። ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሏል። «እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከተዋወቅን ዓመት ሊሞላን ነው። አንድ ቀን ከእኔ ጋር ስቀህ ታውቃለህ?»

ፀዳለ በሰፈሩ ተጫዋችነቷ የታወቀ ነው፤ ጨርቅ የማይገዛ ሰው እንኳ ወሬዋን ሊሰማ ይገባል። ዳና ግን ከንፈሩን ነክሶ ፊቱን ያዞራል፤ አንዳንዴም ጨዋታዋን ሳትጨርስ ተነሥቶ ይወጣል። መጀመሪያ የተገናኙት ከአረካ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሶዶ እስኪደርሱ ትከሻዋ ላይ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ «ትከሻዬን ይዘኸው እንዳትወርድ፣ ማታ እፈልገዋለሁ» አለችው። ያኔም አልሳቀም። ዓይኖቹ ግን ከፊቷ ላይ ቶሎ አልተነሡም። በዚያ አስተያየት ነበር ይህን ሁሉ ጊዜ የታገሠችው።

«እሺ፣ አትመልስልኝ» አለች። «አራቱ አያቶቼ ግን እስካሁን በራችን ላይ ቆመዋል። ስማቸው አልተጠራ፣ እንዴት ይግቡ? በዚያ ላይ የነሐሴ ዝናብ ነው። አንዱ ጃንጥላ እንድሰጠው ለምኖኛል።»

ዳና ሳያስበው ሳቀ። ወዲያው አገጩ ተንጠለጠለ፤ ጉልበቱም ታጠፈ። ፀዳለ ሊለምናት የተንበረከከ መሰላት።

«ተነስ፣ ሰው እያየ» አለችው። እሱ ግን እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጥፎ እግሯ ሥር ተኛ።

ሰው ተሰበሰበ። «የሚጥል በሽታ ነው፣ አትንኩት» አለች አንዲት ሴት። የባጃጅ ሹፌር ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዘ። ፀዳለ ጎንበስ ብላ ስታየው የዳና ዓይኖች ጠበብ ብለው ክፍት ነበሩ። እያያት ነበር። አረፋ የለም፣ መንቀጥቀጥ የለም። ጥቂት ቆይቶ እጁን አንቀሳቀሰና የክብሪቱን ጭስ ከፊቱ ገፋ።

ጨርቅ ቤቱ ውስጥ ስታስቀምጠው፣ ለዓመታት የደበቀውን ነገራት። በሚሠራበት የአረካ ምርምር ማዕከል፣ የእንሰት ማሳ ውስጥ ቆሞ እያለ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሊተኛ ሲል ሕልምና እውን ይቀላቀሉበታል። ሲነቃ ሰውነቱ እንደታሰረ ይቆያል፤ ሰዎች ዱካክ ይሉታል። አንድ ጊዜ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ የተሰጠው መድኃኒት ጭራሽ ቀኑን ሙሉ አስተኝቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ዘንድ አልሄደም።

«ስወድቅ ሁሉን እሰማለሁ» አለ። «የሚጥለኝ ሳቅ ነው። ካልሳቅኩ አልወድቅም። ካንቺ ጋር ሆኖ አለመሳቅ ግን ሥራ ነው።»

ፀዳለ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ አጥፋ ጨረሰችና መልሳ ዘረጋችው።

«እኔ እኮ ንቀኸኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

ወሬው ከፀዳለ ቀድሞ ቤት ደረሰ። እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ የጸሎት ቡድን እንዲጠራ ፈለጉ። ፀዳለ ጸሎቱንም አልተቃወመች፤ ሐኪሙን ግን አስቀደመች። የሶዶው ሐኪም ዳናን ረጅም ጊዜ ጠየቀው፤ ሲስቅ እንደሚወድቅና ሁሉን እንደሚሰማ ሲነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያም አዲስ አበባ ወዳለ የነርቭ ስፔሻሊስት ላከው። ስፔሻሊስቱ ሕመሙን ናርኮሌፕሲ ብሎ ጠራው። በአንጎል ውስጥ ሰውን ንቁ አድርጎ የሚያቆየው ነገር ሲያንስ የሚመጣ ነው፤ ስንፍናም እብደትም መንፈስም አይደለም። ፈጽሞ ባይድንም ይገራል። ሌሊት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛት፣ ቀን እንቅልፍ ሳይጥል በተወሰነ ሰዓት ጥቂት ማሸለብ፣ ጠዋት ጉልበት እንዳይከዳ የሚረዳ ክኒን መዋጥ ነው። መኪና መንዳት ግን የለም።

አቶ ቦልቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌዎቹንም አላስገባም አሉ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ግን እየቀረበ ነበር። አሮጌው ዓመት ሲያልቅ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት የሚሻገር ሰው በወላይታ ነውረኛ ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ጌታሁን ይህን ያውቃሉ። ዳናን አስከትለው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ አቶ ቦልቴም ማስገባት ግድ ሆነባቸው። ዳና ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። አቶ ቦልቴ ትከሻውን ይዘው አነሡት።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «ቂም የለኝም። ልጄን ግን አልሰጥህም። ይቅርታ ሌላ፣ ልጅ ሌላ።»

ፀዳለ ከጓዳ ሆና ሰማች። እናቷ ክንዷን ያዟት።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምን» አለ ዳና። «ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። አብረውኝ ይምጡ። የፈለጉትን ራሱን ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ እንቢ ካሉ አልመለስም።»

በዕርቅ ዕለት የተለመነን እንቢ ማለት አይቻልም። ማክሰኞ ዕለት አቶ ቦልቴ የክት ኮታቸውን ለብሰው ከዳና ጋር ሆስፒታል ገቡ። ፀዳለም ተከተለች። ይገድላል ወይ ብለው ጠየቁ፤ አይገድልም ተባሉ። ወደ ልጅ ያልፋል ወይ አሉ፤ እምብዛም ነው አላቸው ሐኪሙ።

«ልጅ ታቅፎ ቢስቅስ?» አሉ በመጨረሻ።

ሐኪሙ ይህን ጥያቄ አላቀለለውም። ክኒኑ ውድቀቱን እጅግ ቀንሶታል፤ ሊመጣበት ሲልም ዳና ትንሽ ቀድሞ ይሰማዋል፤ ቢሆንም ሕፃን የሚያቅፈው ተቀምጦ ብቻ ይሁን አለ።

ግቢው ውስጥ ከሐበሻ ጽድ ሥር አቶ ቦልቴ ቆሙ። ፀዳለን አዩ፣ ከዚያ ዳናን።

«ይህች ልጅ ገና አፍ ስትፈታ ጀምራ ቤቱን ስታስቀው ነው ያደገችው» አሉ። «ዝም በይ ብትላት አትችልም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ። አንተ ደግሞ ሳቅ ይጥልሃል። ከእሷ ጋር እንዴት ልትኖር ነው?»

ዳና ወደ ፀዳለ ዞረ።

«ተቀምጬ እሰማታለሁ» አለ።

አቶ ቦልቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩና መልሰው ደፉት። ፀዳለ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች። በባጃጅ ሲመለሱ ግን አባቷ ጥግ ይዘው ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ተዉ፤ ሰፈር ሲደርሱም ዳናን «ምሳ ሳትበላ አትሄድም» አሉት።

ጊፋታ ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። የሁለቱም ሐረግ ያለ እንከን ተቆጥሮ፣ ጎሳቸው የተለያየ መሆኑ ታወቀ። ምሳ ተበላ፤ በሚያቃጥል ዳጣ የቀረበው ሥጋ አልቆ እጅ ታጠበ። ከዚያ ክርክር ተነሣ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሠርጉ በጥር ይሁን አሉ። አቶ ጌታሁን በጥር ድንኳን አይገኝም፣ ከተማው ሁሉ ያገባል አሉ። ፀዳለ ድንኳን ከጠፋ የአጎቷ ጋቢ ለሁለት መቶ ሰው ይበቃል ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ዳናም ወንበሩን ይዞ ሳቀ። አጎቷ ጋቢውን ገልጦ እያሳየ ተከራከራት። አቶ ቦልቴ ድንኳኑ ከጠበላ ከተማ ይምጣ ብለው ገቡበት፤ የጠበላው ያፈሳል ተባሉ።

የቀን እንቅልፉ ሰዓት ደርሶ ዳና ብድግ አለ። ፀዳለ እንዲያልፍ እግሯን ሰበሰበችለትና ጥር ካልሆነ የካቲት ምን አለው ብላ ወደ አጎቷ ዞረች። ዳና መጋረጃውን ገልጦ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። አቶ ጌታሁን የካቲት ይሻላል አሉ፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ እንቢ አሉ።