የሻርፊያው ገጽ

«ደግሞ ለውጦታል!» አለች ዶርሳፍ፣ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ተማሪው ሁሉ ሊጽፍበትና ሊያርመው በሚችለው የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ፣ በዊኪው ላይ፣ ስለ ሻርፊያ፣ በከርከና ደሴት ዙሪያ በዘንባባ ዝንጣፊ ስለሚታጠረው የዓሣ ወጥመድ፣ የመጀመሪያውን ገጽ የከፈተችው እርሷ ናት። የጻፈችውን ከአባቷ ጋር እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ተምራዋለች። ገጹን ቱኒስ ድረስ ያነቡታል፤ ነገም ከስፋክስ ከተማ በመርከብ ለሚመጡ እንግዶች ራሷ ታቀርበዋለች።

አሁን ግን «የከርከና ሻርፊያ ሁሉ አፉ ወደ ምዕራብ ይዞራል» ያለችው «ወደ ምሥራቅ» ተብሏል። የለዋጩም ስም ከግርጌው ይታያል፤ ከኋላዋ የሚቀመጠው ነውፈል ነው።

«ሥራዬን ለምንድን ነው የምታበላሸው?»

«አረምኩ እንጂ መቼ አበላሸሁ! ባሕሩን ሁሉ አባትሽ ነው እንዴ ያጠረው?»

«በዓይኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት!»

«እኔስ የአጎቴን ሻርፊያ በሬዲዮ ሰማሁት? እኛ ጋ፣ በሰሜኑ ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው፤ ዓሣውም አብሮት። አፉን እንደናንተ ብናዞረው እራታችን የባሕር ሣር ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጓደኛዋ ኢምቲናን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ቆልፊበት በቃ። ነገ እንግዶቹ ፊት ቢቀይርብሽ ሼም ነው!»

ገጹን የመቆለፍ ሥልጣን መምህርቷ ለዶርሳፍ ሰጥታታለች። ጣቷን ወደ ቁልፉ ምልክት ወሰደች። ከምልክቱ ሥር ጠዋት በኩራት ደጋግማ ያነበበችው መልእክት ነበር፤ አንድ የስፋክስ ተማሪ «በገጽሽ መሠረት የደሴቲቱን ሻርፊያዎች በሞዴል ሠራሁ፤ ሁሉንም ወደ ምዕራብ አዞርኳቸው» ይላል።

በሰሜኑ ዳርቻ ውሃ ገብታ አታውቅም። «ሁሉ» ብላ የጻፈችው ግን እርሷ ናት።

ጣቷን መለሰች። «በደቡብ ዳርቻ ያለው የአባቴ ሻርፊያ አፉ ወደ ምዕራብ ይዞራል» ብላ አስተካከለች። የለውጡ ምክንያት በሚሞላበት ቦታም «ስህተቱ የእኔ ነበር» ስትል ጻፈች፤ ሙሉ ስሟም ማንም ሊያነበው በሚችልበት ሰፈረ። ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ኧረ ዶርሳፍ!» አለች ኢምቲናን ደንግጣ።

ዶርሳፍ ወደ ኋላ ዞረች። «አንተ፣ ወንበርህን ይዘህ ና። የሰሜኑን ጻፍ፤ ነገም ያንን ክፍል የምታቀርበው አንተ ነህ።»

ነውፈል መሳቁን ተወ። «እንግዶች ፊት? እኔ?»

«አፍህን ወደ ፈለግህበት አዙር» አለችና የፊደል ሰሌዳውን ወደ እርሱ ገፋችለት።