ወደ ቀኝ የዞሩት ጎማዎች

ስንጥር በጉልበቷ ተንበርክካ ካርቶኑን ከመኪናው ሥር ቀስ አድርጋ ጎተተችው። አባቷ ካነጠፈው ወዲህ ጠዋትና ማታ እሱን ማየት የእሷ ሥራ ሆኗል። ጠዋት ደረቅ ነበር። አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ ዘይት ተኝቶበታል። በጣቷ ነካችው። ቀዝቃዛ አልነበረም።

ጣቷን በካርቶኑ ጠርዝ ጠርጋ ቀና ስትል ነው ጎማዎቹን ያየችው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ወደ ቀኝ ዞረዋል። በጥቂቱ ቢሆን ባልከፋ። አንገቱን ጠምዝዞ የሆነ ነገር እንደሚያይ ሰው እስከ መጨረሻው ዞረዋል። አባቷ እሁድ ሲያቆመው ቀጥ አድርጎ ነበር ያቆመው፤ «እንደ ወታደር!» ብሎ ሰላምታም ሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነዳውም። አባቷ ሥራ የሚሄደው በሰርቪስ ነው። እናቷ ደግሞ እንኳን ልትነዳው ልታየውም አትፈልግም።

ኮፈኑ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ለብ ብሏል።

«ፀሐይ ይሆናል» አለች ለራሷ። ሰማዩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር።

ግቢው ጭጭ ብሏል። እናቷ ነርስ ናት፤ በዚህ ሳምንት የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ቀን ቀን ትተኛለች። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ተዘግቷል። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ትርር ይልና ያቆማል። ስንጥር ካርቶኑን መልሳ ገፋችው። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ጀርባዋን ለመኪናው ሳትሰጥ፣ የኋሊት እየተራመደች ወደ ቤት ገባች።

ስንጥር ያላት አባቷ ነው። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። «አንድ ነገር ውስጥ ከገባች በወስፌም አትወጣም» ይላል።

ነገሩ የጀመረው ከአደጋው በኋላ ነው። በክረምት አንድ ጠዋት እናቷ ስንጥርን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሆስፒታል ልትሄድ እየነዳች ነበር። ዝናብ ነበር። መታጠፊያው ላይ አንድ የጭነት መኪና ከግራ በኩል ድንገት ወጣባቸው። እናቷ ፍሬን ያዘች፤ መሪውን ግን አላዞረችም። መኪናው በእርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራቶ የመብራት ምሰሶ ገጨ። የስንጥር የትከሻ አጥንት ተሰነጠቀ፤ ድኗል። መኪናውም ተጠግኖ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እናቷ መሪ አልያዘችም፤ ስንጥርም የፊት ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ስለዚያ ጠዋት ቤት ውስጥ አይወራም። ሆድ ይፍጀው ተብሎ ቀርቷል።

የቀረው የመሪው ዘይት ነው። ቱቦው ተቀየረ፣ ያፈሳል። ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ተቀየረ፣ ጥቂት ቀን ዝም ብሎ ደግሞ ያፈሳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ማምሻውን አባቷ መካኒኩን ይዞ መጣ። ሰፈሩ ጋሽ ፒንሳ ይላቸዋል፤ ፒንሳ ከእጃቸው ስለማይለይ፣ ሽበታቸውንም በእሱ ይነቅላሉ ተብለው ይታማሉ።

«እስቲ ንገረኝ» አለ አባቷ፣ «ይኼ መኪና ታሟል ወይስ ተለክፏል?»

ጋሽ ፒንሳ ባትሪያቸውን አብርተው ወደ ሞተሩ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ።

«ቱቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እኔ ያሰርኩት እንዲህ አያለቅስም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ግፊት በዝቶበታል። ሞተሩን አስነስቶ፣ መሪውን እስከ ጥጉ አዙሮ፣ እዚያው ላይ ጨምድዶ የሚይዝ ሰው አለ። መኪናው ቆሞ! መሪ እኮ ጥጉ ሲደርስ ይጮሃል፤ በቃኝ ማለቱ ነው። ይኼ ሰው ግን አይሰማውም።»

«እኛ ቤት መሪ የሚይዝ ሰው የለም። ሁላችንም ተመሪ ነን» ብሎ አባቷ ሳቀ።

ጋሽ ፒንሳ አልሳቁም። «ቱቦው መንገድ ላይ ቢፈነዳ መሪው ድንጋይ ይሆንብሃል። ቅዳሜ አገር ቤት ስትሄድ በዚህ መኪና ነው ያንን ሁሉ ቁልቁለት የምትወርደው?»

አባቷ ሞተሩን ሊያስነሳ በሩን ከፍቶ ገባና ጮኸ። «ወይኔ ጉልበቴ! ወንበሩን ማን ነው ወደፊት የሳበው? የእኛ ቤት ሰይጣን አጭር ነው ማለት ነው!» ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ስንጥር ዞረ። «ወይም ቀጭን።»

«አባዬ! ከምር እኔ አይደለሁም!»

«መች አንቺ ነሽ አልኩ?» ሳቁ ግን ከፊቱ ወርዷል። «ቁልፉ የት እንደሚሰቀል የምናውቀው እኛው ነን፣ ስንጥር። እኔ ሥራ ነኝ። እናትሽ ተኝታ ነው የምትውለው፤ ደግሞም ታውቂያታለሽ።»

እናቷ የሥራ ልብሷን ለብሳ የቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። በጨርቅ ብርጭቆ ትወለውላለች። ብርጭቆው ከደረቀ ቆይቷል።

«ፒንሳ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አስረው» አለ አባቷ። «ከዚህ በኋላ ካርቶኑ ላይ አንድ ጠብታ ባይ ግን እሸጠዋለሁ። ለመለዋወጫም ቢሆን።»

«ይሸጥ» አለች እናቷ ከበሩ። ድምጿ የእሷ አይመስልም ነበር። «ይሸጥና ይገላግለን።»

ስንጥር ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ባልሠሩት ነገር መጠርጠር ያንገበግባል። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ እሷ ካልሆነች፣ ታዲያ ማን?

ጋሽ ፒንሳ በማግስቱ ሠርተው መለሱት፤ ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው አቆሙት። ሐሙስ ከሰዓት ስንጥር ቦርሳዋን እንኳን ሳታወርድ ወደ መኪናው ሄደች። ካርቶኑ ደረቅ ነው። ጎማዎቹ ግን ዞረዋል፤ ደግሞ ወደ ቀኝ።

የሾፌሩን በር ከፍታ ገባች። ወንበሩ እንደገና ወደፊት ተስቧል። መሪውን ስትይዘው ቀዘቀዛት። ከመሪው ስስ ሽታ ተነሳ፤ እጅ የሚጸዳበት አልኮል። ሽታውን ታውቀዋለች። ከየት እንደምታውቀው ግን ለራሷም መናገር አልፈለገችም።

ከዚያ ወደ መስተዋቱ ቀና አለች።

መስተዋቱ የኋላውን አያሳይም። ተጣሞ ወደ ጎን ዞሯል። የሚያሳየው የቀኙን ወንበር ነው፤ የራስ መደገፊያውን፣ የተንጠለጠለውን ቀበቶ። ያን ጠዋት ስንጥር የተቀመጠችበትን ቦታ፣ ልክ ፊቷ የነበረበትን። ወንበሩ ባዶ ነው። ለቅጽበት ያህል ግን አንዲት ልጅ እዚያ ተቀምጣ የምታያት መሰላት።

በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

«አንቺ ስንጥር!» የልብስ ሰፊዋ ራስ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። «ሰላም ነሽ? ምነው ነጣሽ?»

«ምንም አልሆንኩም፣ እትዬ።»

«ያ መኪናችሁ ቀን ቀን ምን ሆኖ ነው የሚያቃስተው?»

«መቼ?»

«ሰው በሌለ ጊዜ ነዋ! እኔማ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ነው የማዳምጠው። ያቃስትና ዝም፣ ያቃስትና ዝም። እንደሚያምጥ ሰው። ነግሬሻለሁ፣ ደግ ነገር አይደለም።» ጭንቅላቷ እንዳመጣጡ ወደ ታች ጠፋ።

ዓርብ የሒሳብ ፈተና ብቻ ስለነበር ስንጥር ከእኩለ ቀን በፊት ተለቀቀች። ጓደኞቿ ሲንጫጩ ጥላቸው ሄደች። ድምፁን የሰማችው ገና ከግቢው ውጭ ሳለች ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጉሮሮ የሚወጣ የሚመስል ሲቃ። ዝም አለ። ደግሞ ጀመረ።

ትንሿን በር በጣቶቿ ገፋ አደረገቻት።

የመኪናው ሞተር ይሠራል፤ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። እናቷ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች። ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ጎማዎቹ ሲሚንቶውን እየፋቁ ዞሩ። ጥጉ ላይ ደረሰ። መሪው ጮኸ። አለቀቀችውም። ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ መለሰችው፣ ቀጥ አደረገችው፣ መንገድ ላይ ያለች ይመስል ወደ ፊት አየች። ፊት ለፊቷ ያለው ግድግዳ ነው። ድንገት ደግሞ ወደ ቀኝ።

ያኔ ስንጥር አንድ ነገር ትዝ አላት። ያን ጠዋት ዝናቡ ውስጥ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ እናቷን አንድ ጊዜ ብቻ «ምነው ወደ ቀኝ ባዞሩት ኖሮ?» ብሏት ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያው ያለው ነገር ነው። እናቷ አልመለሰችለትም። እስከ ዛሬ እየመለሰችለት ኖሯል።

የስንጥር እግር ወደ ኋላ ሄደ። በሩን ዘግታ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ መቀመጥ፣ በወትሮው ሰዓት መመለስ ትችላለች። ካርቶኑ ይርሳል፣ አባቷ መኪናውን ይሸጣል፣ ጥፋቱ በእሷ ይሳበባል፤ አባቷ እንደሆነ ቂም አያውቅም። እናቷም አፍ አውጥታ ሳትናገር ትተርፋለች። ካርቶኑ ካልረሰ ደግሞ አባቷ ነገ በዚህ መሪ ቁልቁለቱን ይወርዳል።

መሪው እንደገና ጮኸ። በዚህ ጊዜ የእናቷ ቀኝ እጅ መሪውን ለቀቀና ወደ ጎን ተዘረጋ፤ ወደ ፊት የሚወድቅ ልጅ እንደሚደግፍ። እጁ ባዶው ወንበር ፊት አየር ላይ ቀረ።

ስንጥር ግቢውን አቋርጣ የቀኙን በር ከፍታ ከዚያ እጅ ሥር ተቀመጠች።

እናቷ አልደነገጠችም። ብትደነግጥ ይሻል ነበር፤ ይኼ ነው ስንጥርን ያስፈራት። ቀስ ብላ ዞር አለችና አየቻት፤ ቆይታም የልጇን ደረት ነካች፣ እውነተኛ መሆኗን እንደምታጣራ።

«ፈተናሽስ?» አለች።

«አለቀ።»

«ቀለለሽ?»

«ደህና ነው። እማዬ፣ መሪውን ልቀቂው። እየጮኸ ነው።»

ለቀቀችው። ጩኸቱ ቆመ፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ይዞራል፣ አየሽ?» አለች እናቷ መዳፎቿን እያየች። «ሁልጊዜ ይዞራል። ያን ቀን ብቻ እንቢ አለኝ።» ምራቋን ዋጠች። «አንቺ በዚህ በኩል ነበርሽ። መስኮቱ አጠገብ። ምን ነበር በቀኝ በኩል? ቦታ ነበር? ባዞረው ኖሮ እናልፍ ነበር?»

መልሱ በስንጥር ምላስ ላይ ተዘጋጅቶ ቆመ። ቦይ ነበር፣ እማዬ። ጥልቅ ቦይ። እንኳንም አላዞርሽው። እንዴት የሚጣፍጥ ውሸት ነው! ማን ያውቅባታል? እናቷ ግን መሪውን እንደያዘችው ሁሉ ያንንም ቃል ጨምድዳ ልትይዘው ነው፤ በየቀኑ ልታዞረው።

«አላየሁም» አለች ስንጥር እውነቱን። «የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ጎንበስ ብዬ።»

«ጎንበስ ብለሽ?»

«አዎ። ምንም አላየሁም። ቀና ስል ተገጭተን ነበር።»

እናቷ መስተዋቱን አየች፣ ከዚያ እሷን። «እኔን አታዪኝም ነበር?»

«አላይሽም ነበር።»

«እኔ እኮ…» ድምጿ ተቆረጠ። «ዐይንሽን አፍጥጠሽ ስታዪኝ ነበር ብዬ ነው። ምን ትሠሪያለሽ፣ አዙሪው እንጂ ብለሽ። ዐይኔን ስጨፍን የማየው እሱን ፊት ነው።» በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት። «የጫማ ክር!»

«ሁሌም ሳላስር ነው የምወጣው። ራስሽ ትቆጪኛለሽ።»

ከዚያ ስንጥር ወርዳ ከመኪናው ሥር አየች። አዲስ ቀይ ጠብታ ካርቶኑ ላይ አብረቅርቋል።

«ጀምሯል» አለች በሩ ላይ ቆማ። «አባዬ ነገ ቁልቁለቱን ሊወርድበት ነው።»

«ዛሬ እነግረዋለሁ። እኔው ነኝ የምነግረው፤ በአንቺ አይሳበብም። ሲመጣ ወደ ፒንሳ ይውሰደው።»

«እሱ ሲመጣ ጋራዡ ይዘጋል። ጋራዡ ደግሞ እዚህ መንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ቀስ ተብሎ ቢሄድ…»

እናቷ ነገሩ ገባት። ጣቶቿ መሪው ላይ ነጡ። «አልችልም፣ ስንጥሬ።»

«እስከ በሩ ድረስ ብቻ። ከዚያ ካልቻልሽ ሮጬ ጋሽ ፒንሳን እጠራቸዋለሁ።»

«አንቺ በእግርሽ ትከተይኛለሽ።»

ስንጥር በክፍቱ በር በኩል ባዶውን ወንበር አየች። «እዚህ ነው የምቀመጠው» አለች።

እናቷ እጇን ዘርግታ መስተዋቱን ወደ ኋላ መለሰችውና «ዘይቱን ሙዪ» አለች።

ስንጥር ኮፈኑን ከፍታ ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞላች፤ ክዳኑን አጠበቀች። ከዚያ ትልቁን በር ወለል አድርጋ ከፈተች። ከመኪናው እስከ በሩ እናቷ ጠዋት ለፀሐይ ያወጣቻቸው የአበባ ጣሳዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ማንም እንዳይወጣ የታጠረ ይመስላሉ። አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ጥግ ወሰደቻቸው። ከኋላዋ ሞተሩ ይሠራል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ዞር ብላ አላየችም። የመጨረሻውን ጣሳ ከግድግዳው ጋር አስጠግታ አስቀመጠችና የእጇን አፈር አራግፋ ወደ ቀኙ በር ሄደች።